አራስ ቤት ሆኜ የመሶብ ትእዛዝ እየመጣ ነው፤ ልቀበል ወይስ ልዝጋ?

ባለአለላዋ፣ አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ እህቶችና ወንድሞች። መሶብ፣ ሙዳይና ሰፌድ በእጄ እየሰፋሁ እሸጣለሁ። ሱቅ የለኝም። ያለኝ የቴሌግራም ቻናል፣ የሳሎን አንድ ጥግና ሁለት እጆቼ ናቸው። ሥራውን ከአክስቴ ተምሬ በትርፍ ጊዜዬ ነበር የጀመርኩት፤ አሁን ግን የቤት ኪራዩ ግማሽ የሚወጣው ከእሱ ነው።

ኅዳር ሲገባ የመጀመሪያ ልጄን በሰላም ተገላገልኩ። ሴት ናት፤ ክርስትናዋ በ80 ቀኗ፣ ጥር መጨረሻ ላይ ይውላል። ጥር የሠርግ ወር መሆኑን ለእናንተ አልነግርም። ልጇን የምትድር እናት ሁሉ መሶብ የምትፈልገው አሁን ነው። ከመውለዴ በፊት ቀብድ የተቀበልኩባቸው ትእዛዞች አሉ፤ በላዩ ላይ አዲስ ጠያቂ በየቀኑ ይመጣል።

እናቴ ልታርሰኝ ከደብረ ብርሃን መጥታለች። ወስፌ ይዤ ካየችኝ ቤቱ ይናወጣል። «አራስ ወስፌ አትይዝም! ዓይንሽ ይደክማል፣ ብርድ ይመታሻል፤ ይልቅ ገንፎሽን ብዪ» ትላለች። ባለቤቴ ደግሞ ዝጊውና ከፋሲካ በኋላ ትከፍቺዋለሽ ይለኛል። ጎረቤቴ የባንክ ሠራተኛ ናት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ደመወዟ ሳይቋረጥ ታርፋለች። እኔ አሠሪዋም ሠራተኛዋም ራሴ ስለሆንኩ ፈቃድ የምጠይቀው ራሴን ነው፤ እሷም ልትፈቅድልኝ አልቻለችም።

ልጅቷ ጠብታ ስትተኛ አንድ ዙር እንኳን ልስፋ ብዬ እቀመጣለሁ። አለላውን፣ ቀለም የተነከረውን የስፌት ሣር፣ ውኃ አስነክሬ፣ በወስፌው ወግቼ፣ የመጀመሪያውን ስቤ ሳላጠብቅ ታለቅሳለች። ተመልሼ ስመጣ የነከርኩት ደርቋል፤ ሳጥፈው ይሰነጠቃል። ቻናሉ ሦስት ወር ዝም ካለ ደግሞ ሰው ይረሳኛል ብዬ እፈራለሁ። ልጅ ይዛችሁ የእጅ ሥራ የሠራችሁ፣ እንዴት አደረጋችሁት?


እመ ሦስት፣ ባሕር ዳር

እንኳን ማርያም ማረችሽ እህቴ! ሦስቱንም ልጆቼን ያሳደግኩት ከስፌት ጋር ነው። መዝጋትና መክፈቱን ለጊዜው ተይውና ሥራሽን በሁለት ክፈይው፦ ልጅ ስታለቅስ ጥለሽው የምትነሺው ሥራ አለ፣ ጥለሽው መነሣት የማትችይው ሥራ አለ።

ስፌቱ ራሱ ከመጀመሪያው ወገን ነው። ወስፌውን ሰክተሽ ትነሺያለሽ፤ ማታም ሆነ ነገ ካቆምሽበት ትቀጥያለሽ፤ መሶቡ አይቀየምም። ቀለም መንከር ግን እንዲህ አይደለም። ድስቱ ተጥዶ፣ ውኃው ፈልቶ፣ ስንደዶው (የስፌቱ ሣር) ከገባ በኋላ ልጅ ብትነሣ ወይ ቀለሙ ይበላሻል ወይ ልጅቷ ስታለቅስ ትቆያለች። መሶብ መጀመርም እንዲሁ ነው፤ መሐሉን አጥብቆ ክብ ማስያዝ ሁለት እጅና ሙሉ ልብ ይፈልጋል፤ መነሻው ከጠመመ እስከ አፉ ድረስ ጠሞ ነው የሚሄደው። ክዳኑን ከአፉ ጋር መግጠምም በልክ የሚሠራ ነው፤ ከእንቅልፍ ማጣት ጋር አይሆንም።

ስለዚህ የማይቋረጠውን ሥራ ሁሉ እናትሽ ልጅቷን በሚይዙበት ሰዓት ላይ አጠራቅሚው። ስትነክሪ ለአንድ መሶብ የሚሆን ብቻ አትንከሪ፤ የወሩን በአንድ ቀን ጨርሺና በየቀለሙ አስረሽ አስቀምጪ። ሌሊትና ከሰዓት በኋላ ለምታገኚያት ቁራጭ ጊዜ ተራውን ስፌት ብቻ ተዪላት።

አለላው ደረቀብኝ ላልሽው፣ ሁሉንም አንድ ላይ ውኃ ውስጥ አትዘፍዝፊ። በእርጥብ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልይውና ጥቂት ጥቂት እየመዘዝሽ ስፊ። ብትነሺም እርጥበቱ ይቆይልሻል። ደግሞ አሁን ትልቅ መሶብ አዲስ አትጀምሪ። ጭንሽ ላይ መሶብና ሕፃን አብረው አይቀመጡም፤ አንዳቸው መውረዳቸው አይቀርም፤ የሚወርደውም መሶቡ ነው። ሙዳይና ትንንሽ ሰፌድ ያዢ።


ቁርጡን ልንገርሽ፣ አዳማ

እኔ ግን ዝጊው ነው የምልሽ። ዳንቴል እሠራ ነበር፤ ስወልድ አቆምኩ፤ ስመለስ ደንበኞቼ ነበሩ። እዚህ ሁሉም ሰው በርቺ ይልሻል። ሌሊት የሚነሣልሽ ግን ከመካከላችን አንድም የለም። አራስ ቤት ማለት ማረፊያ ነው፤ እናትሽ የተናገሩት ትክክል ነው።


እመ ሦስት፣ ባሕር ዳር

ቁርጡን ልንገርሽ፣ የቤት ኪራዩ ግማሽ ከስፌቱ ነው ያለችውን ዘለልሽው። አከራይ አራስ ቤት አያውቅም እኮ። እንደ አንቺ ማቆም የምትችል ብትሆን ኖሮ ጥያቄውን አታመጣውም ነበር።


ቁርጡን ልንገርሽ፣ አዳማ

አንብቤዋለሁ። ግማሹን ለሦስት ወር ባሏ ይሸፍን ማለቴ ነው። እሱስ ለምን አይጠየቅም?


ሸማኔው፣ ሽሮ ሜዳ

በሴቶች ጉዳይ ምን ዶለህ አትበሉኝ። እኔ ሸማኔ ነኝ፤ ባለቤቴ ፈትል ትፈትላለች። ልጃችን ሲወለድ እንዝርቷ ቆመ፤ ማጉን ከገበያ መግዛት ጀመርኩ። በአንድ ጋቢ የማገኘው ትርፍ ወዲያው ቀነሰ። የእሷ ፈትል ስንት ብር እንደሆነ በኪሴ የቆጠርኩት ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት በቤታችን ዋጋው ተነስቶ አያውቅም።

የእህታችን ባል ዝጊው ማለቱ ከክፋት አይመስለኝም። ድካሟን አይቶ ነው። ነገር ግን ከመዝጋት በፊት የሚረከበው ሥራ አለ። «ዋጋው ስንት ነው?» ለሚል ሰው መልስ ለመስጠት ወስፌ መያዝ አያስፈልግም። ቻናሉን እሱ ይያዘው። ቀብዱን በቴሌብር ይቀበል፣ የደንበኛውን ስም፣ የመሶቡን መጠን፣ ቀለሙንና የመረከቢያ ቀኑን ደብተር ላይ ይጻፍ፣ ቆዳ የሚለብጠው ባለሙያ ዘንድ ይውሰድ፣ ያለቀውን ያድርስ። እኔ ራሴ ከአንድ ደንበኛ ጋር ስለ ጥለት ቀለም ስከራከር ግማሽ ቀን የሚሄድብኝ ጊዜ አለ። ሥራ የሚበላው እጅ ብቻ አይደለም፤ አፍም ይበላል።


አዋላጅ ነርስ፣ ሐዋሳ

እንኳን ማርያም ማረችሽ። ማንም ያላነሣውን ላንሣ፦ አውራ ጣትሽን።

እናት ሕፃን ስታነሣ አውራ ጣቷን ከሌሎቹ ጣቶች ለይታ ከፍታ በሕፃኑ ብብት ሥር ታስገባለች። ይህን በቀንና በሌሊት ደጋግማ ስታደርገው በእጅ አንጓ ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል ያሉት ጅማቶች ይቆጣሉ። ማሰሮ ማንሣትና ጨርቅ መጭመቅ ሁሉ ያማል። በአራሶች ላይ የተለመደ ነው። ወስፌ የሚገፋው፣ አለላ የሚሳበው ደግሞ በዚያው ጣት ነው። ስለዚህ ልጅቷን ስታነሺ ጣቶችሽን ገጥመሽ በመዳፍሽና በክንድሽ ከሥሯ አቅፈሽ አንሺያት። ሕመሙ ከጀመረ ስፌቱን አቁሚና እጅሽን አሳርፊ፤ ካልተወሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ። የእንጀራሽ እጅ ነውና በቸልታ አትለፊው። በርጩማ ላይ ጎንበስ ብለሽም አትስፊ፤ ጀርባሽን የሚደግፍ ነገር ይኑር።

ስፌት ዓይን አያጠፋም፤ እናትሽን ግን በዚህ አትከራከሪያቸው፤ ዕረፍት ያስፈልጋታል ማለታቸው ልክ ነው። በደካማ መብራት መስፋቱ ለማንም አይመከርም።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ዱቄቱን የምትበጠብጪው አፍንጫሽን ሸፍነሽ፣ ከቤት ውጭ፣ ልጅቷ በሌለችበት ይሁን። የነከርሽበት ድስት ወደ ወጥ አይመለስ። አሁን ካስቀመጥሻት አትንቀሳቀስም፤ መዳህ ስትጀምር ግን መሬት ላይ ያገኘችው ሁሉ ወደ አፏ ይሄዳል፤ የሣር ቁራጭ ያንቃታል። ወስፌው ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ፣ ቆርቆሮው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይደር።

እስከ ስድስት ወሯ የእናት ጡት ብቻ ነው፤ ውኃም ቢሆን አይጨመርም። ገበያ መውጣት ካለብሽ አልበሽ ተዪላት። የታለበ ወተት ብዙ በማይሞቅ ክፍል እስከ 4 ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ እስከ 4 ቀን ይቆያል። እናትሽ በጡጦ ሳይሆን በንጹሕ ኩባያ ያጠጧት፤ ጡጦ ለማጽዳት ያስቸግራል። ክትባቷ በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንት ነው። በእነዚያ ቀኖችና በማግስታቸው የዕቃ ማስረከቢያ አትቅጠሪ፤ የተከተበች ልጅ አንዳንዴ ታተኩሳለች፣ ሌሊቱን ከእቅፍ አትወርድም።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ከወሊድ በኋላ ያለ ምክንያት አልቅሺ አልቅሺ ማለት ብዙ እናቶች ላይ ይመጣል፤ በጥቂት ቀን ይለቃል። ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ እንቅልፍ አግኝተሽም መተኛት ካቃተሽ፣ ወይም ከልጅሽ የመራቅ ስሜት ከመጣብሽ ለባለሙያ ንገሪ። የስንፍና ጉዳይ አይደለም፤ ሕክምና አለው።


የሜሪላንዷ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እዚህ አሜሪካም ያው ነው እህቴ። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ያለው ሕግ ለተቀጣሪ፣ እሱም መስፈርቱን ላሟላ፣ 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ነው የሚሰጠው፤ የሕፃናት ብርድ ልብስ በኪሮሽ እየሠራሁ ስሸጥ ለነበርኩት ለእኔ ግን እሱም አይደርሰኝም ነበር።

የምጽፍልሽ ግን እንደ ደንበኛ ነው። ውጭ ያለን ሰዎች ለጥር አንቸኩልም። መሶብ የሚመጣልን ክረምት ላይ ዘመድ አገር ቤት ሄዶ ሲመለስ ነው። መሶብ አይከብድም፤ ቦታ ነው የሚፈጀው፤ ሁለቱ ሻንጣ ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ኪሎ ስለሆነ መሶቡ ባዶውን አይመጣም፤ ሆዱን በርበሬና ሽሮ ሞልተንበት ነው። (የእኔው እስከ ዛሬ የበርበሬ ሽታ አለው፤ አልጠላሁትም።) «በሰኔ ይደርሳል» ብትይኝ ቀብዴን ዛሬ እሰጥሻለሁ። ስለዚህ ትእዛዙን ለይተሽ የውጮቹን ወደ ኋላ ግፊ፤ እኛ እንጠብቃለን። ስትሰጪ ግን የሣር ፍሬና አፈር እንዳይኖርበት አራግፊው። እዚህ ስንገባ ከተክል የተሠራ ዕቃ ማስመዝገብ ግዴታ ነው፤ ቆሻሻ ከተገኘበት ሊወሰድብን ይችላል።


ለሠርግ ያዘዘችው፣ አዲስ አበባ

እኔ ከሌላኛው ወገን ነኝ። አምና ለእህቴ ሠርግ መሶብ ያዘዝኩባት ባለሙያ ዛሬ ነገ እያለች ቆይታ በሠርጉ ሳምንት ስልኳን ዘጋች። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል፤ ለሠርጉ ያልደረሰ መሶብስ ምን ይደረግ? በኋላ ስሰማ ወልዳ ነበር። ልጇን እግዚአብሔር ያሳድግላት፤ በዚያ አልተቀየምኳትም። ከወር በፊት «አልችልም» ብትለኝ ከመርካቶ ያለቀ ገዝቼ በሰላም እድር ነበር። እህቴ ባለአለላዋ፣ የማትደርሺበትን ዛሬ ንገሪያቸው፤ ቀብዱንም መልሺ። እንዲህ ያደረገችልኝን ሴት ለሰው ሁሉ እጠቁማት ነበር።


ባለአለላዋ፣ አዲስ አበባ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም ጡት እያጠባሁ ነው ያነበብኳችሁ። የአውራ ጣቱን ነገር ሳነብ ደነገጥኩ፤ የግራ እጄ አንጓ ጀምሮኛል፤ እኔ የብርድ መስሎኝ ነበር።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ሌላ ሴት ብቀጥር ሥራው የእኔ መሆኑ ይቀራል? ሁለተኛ፣ ከዚህ በኋላ ዋጋ እንዴት ላውጣ? እስከ ዛሬ ዋጋዬን ከአለላውና ከቆዳው ተነሥቼ ትንሽ ጨምሬበት ነበር የምናገረው።


ሒሳብ ያዥዋ፣ መቐለ

ሁለተኛውን እኔ ልመልስ። ከዕቃው ተነሥተሽ ዋጋ ካወጣሽ ለጉልበትሽ የሚተርፍልሽ ደንበኛው ሲከራከር የተወልሽ ፍርፋሪ ነው። አንድ ሙዳይ ስትሰፊ ሰዓት ያዢ። ሰዓቱን ሌላ ሙያተኛ ብትቀጥሪ በሰዓት በምትከፍያት ልክ አባዢው፤ ዕቃውን ጨምሪ፤ የመጓጓዣውንም ጨምሪ። እናትሽ ወደ ደብረ ብርሃን ሲመለሱ ሞግዚት ትቀጥሪያለሽ፤ የእሷም ደመወዝ ከየመሶቡ የሚወጣ እንጂ ከሰማይ የሚወርድ አይደለም። አሁን እናትሽ በነፃ ስለያዙልሽ ዋጋሽ ዝቅ ካለ በኋላ ከፍ ማድረግ ይከብድሻል። የቡና ጊዜ ወሬ ይመስላል እንጂ ብዙ የእጅ ሙያ የሚዘጋው ገዢ ጠፍቶ ሳይሆን በዚህ ሒሳብ ነው።

ሌላ ሐሳብ አለኝ። ትእዛዝ መቀበል አቁሚ፤ መሸጥ ግን አታቁሚ። ሰፍተሽ የጨረስሽውን ብቻ ፎቶ አንሥተሽ ለጥፊ፤ የቀደመ ይግዛው። እንዲህ ሲሆን ቀጠሮ የለብሽም፤ ልጅቷ ብትታመም የሚደውልብሽ ሙሽራ የለም። ገቢው በትእዛዝ ከምታገኚው ያነሰ ሊሆን ይችላል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ሠርግ የለም፤ ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ያን ጊዜ ሰፍተሽ አጠራቅሚና ከፋሲካ በኋላ ለሚመጣው ሠርግ ያለቀ ዕቃ ይዘሽ ትወጫለሽ።


ቁርጡን ልንገርሽ፣ አዳማ

ይኼኛው ተዋጠልኝ። መዝጋት ያልኩት ይህን ማለቴ ባይሆንም ይሁን።


የጎንደሯ አያት

የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። ልጄ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ፤ ልጅሽን በፀጋ ያሳድግልሽ።

ሴት ብቀጥር ላልሽው ልመልስ። በአንድ መሶብ ላይ ሁለት ሰው አይስፋ። አንዷ ጠበቅ ታደርጋለች፣ አንዷ ታላላለች፤ እጃቸው የተለዋወጠበት ዙር ላይ መሶቡ ወገብ ያወጣል፤ ምንም ጌጥ አይሸፍነውም። ሰፌዱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለእሷ ስጪያት፤ የእሷ እጅ ይሁን፤ ስሟም ይነገር። መሶቡን አንቺ ያዢ። እኛ ስንሰፋ አራስም ብትሆን ሴቱ ቡና አፍልቶ ከብቦ ይሰፋ ነበር፤ ሕፃኑ ከጭን ወደ ጭን ይዞራል፤ እናቲቱም ሁለት እጇ ነፃ ይሆናል። አሁን ብቻዋን በአራት ግድግዳ ውስጥ ሆና ትስፋ ስትባል ነው የከበዳት። ጎረቤቶችሽን በሳምንት አንድ ቀን ጥሪ፤ ስፌት ባይችሉ ልጅ መያዝ ይችላሉ።

እናትሽን አትቆጫት። እሷም ስትወልድሽ እንዲህ ተብላ ነው።


ሸማኔው፣ ሽሮ ሜዳ

እማማ፣ ስሟ ይነገር ያሉት ትልቅ ነገር ነው። በእኛ ሙያም ቀሚሱ የሚሸጠው በሱቁ ስም ነው፤ የሸመነው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።


የሜሪላንዷ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ እጠይቃለሁ። ማን እንደሰፋው የተጻፈበት ትንሽ ወረቀት አብሮት ቢመጣ እዚህ ሰው ደስ ብሎት ይጨምራል።


ባለአለላዋ፣ አዲስ አበባ

ከባለቤቴና ከእናቴ ጋር ቡና ላይ ተነጋገርን። ቀብድ ከተቀበልኩባቸው ውስጥ ወደ ማለቁ የቀረቡትን እጨርሳለሁ። ያልተጀመሩትን ደውለን ነግረናቸዋል። አንዷ ተቆጥታ ቀብዷን ወሰደች፤ ሌላዋ ለፋሲካ ይሁንልኝ አለች፤ ሦስተኛዋ ደግሞ መሶቡን ትታ ሙዳይ አዘዘች፤ ቀጠሮ ሳልሰጣት ስጨርስ ልትወስድ ተስማማን። ቻናሉን ባለቤቴ ይዞታል። ትናንት ማታ አንዱ ጠያቂ «ቀንሱ» ሲለው ምን እንደሚመልስ ጠፍቶት ከመኝታ ቀሰቀሰኝ፤ አሁን ዋጋውን ጽፌለት ግድግዳ ላይ ለጥፏል።

እናቴም የራሷን ሕግ አውጥታለች፦ ወስፌ የምይዘው በቀን ብርሃን፣ ምሳዬን ከበላሁ በኋላ፣ ጋቢ ለብሼ ነው። ልጅቷን እሷ ትይዛለች። ጎረቤት ያለች አንዲት ልጅ ሰፌድ ትሰፋለች፤ በሰፌድ ሒሳብ ልከፍላት ተነጋግረናል።

ነገ ከሰዓት በፊት የወሩን ቀለም ልነክር ነው። ባለፈው የነከርኩት ቀይ ግን በሳምንቱ ፈዘዘብኝ። ቀለሙ ነው የከዳኝ ወይስ አነካከሬ?


እመ ሦስት፣ ባሕር ዳር

የት ነው ያደረቅሽው?


ባለአለላዋ፣ አዲስ አበባ

ቶሎ እንዲደርቅልኝ ጣሪያው ላይ፣ ፀሐይ ላይ።


የጎንደሯ አያት

ፀሐይ ነው የበላብሽ። ስንደዶውን መጀመሪያ በንጹሕ ውኃ ቀቅለሽ አውጪው፤ ከዚያ ቀለሙ ውስጥ ክተቺው። ስታወጪው ውኃው እስኪጠራ አለቅልቂና ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ዘርግተሽ አድርቂው። ቶሎ አይደርቅም፤ ሁለት ቀን ቢፈጅ ተዪው። ቀዩን ከነጩ ጋር በአንድ ጨርቅ አትጠቅልይ።